የግብጦ ዳቦ በባሕር ዳር ጓዳ፦ ከመራራው ፍሬ እስከ ምድጃው

ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ ቆርጦ የተነሣ ሰው የዳቦ አሠራር ሲፈልግ የሚያገኘው ሁሉ የአልመንድ ዱቄት አምጣ ይለዋል። አልመንድ ባሕር ዳር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። በአንጻሩ የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ገበሬ የሚያመርተው ግብጦ በየገበያው በጆንያ ተቀምጧል። በፕሮቲንም በፋይበርም ከአልመንድ ይበልጣል። መቶ ግራም ደረቅ ግብጦ 36 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 10 ግራም ያህል ቅባትና 40 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ከዚያ ካርቦሃይድሬት ውስጥ 19 ግራሙ ፋይበር ሲሆን የቀረውም ቢሆን ስታርች አይደለም ማለት ይቻላል። ከስንዴ ዱቄት 76 ግራም ወይም ከጤፍ 73 ግራም ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ችግሩ ምሬቱ ነው። ምሬቱም የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሉፓኒንን የመሳሰሉ አልካሎይዶች የሚሰጡት መርዝነት ያለው ምሬት ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ረጅሙን ቦታ የያዘው መጋገሩ ሳይሆን ማጥለሉ፣ ማለትም ምሬቱን በውኃ ማውጣቱ፣ ነው። ዳቦው ቢበላሽ አንድ ዳቦ ይጣላል፤ ማጥለሉ ቢበላሽ ግን ሰው ይታመማል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላልና አይሞክረው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ዳቦውንና እንጀራውን በድንገት ሲቀንስ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል የመድኃኒቱን መጠን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ፍሬውን መምረጥ

ነጣ ያለ፣ ጠፍጣፋና ወፍራም፣ መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ ፍሬ ግዙ። ትንሹና ትልቁ ከተደባለቀ ትንሹ ቶሎ ይጥማል፣ ትልቁ እመሐሉ መራራ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱን በአንድ ባልዲ መለየት አይቻልም። የሻገተውን፣ የጠቆረውንና ነቀዝ የበላውን አንድ በአንድ ለቅማችሁ ጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ኪሎ ግራም ይበቃል፤ ልጣጩና በውኃ የሚወጣው ሲቀነስ 600 ግራም ያህል ዱቄት ይሰጣል፤ ይኸውም ለአራት ዳቦ ነው።

ተዘጋጅቶ ለቁርስ የሚሸጠውን ግብጦ መግዛትም ያስኬዳል፤ አድካሚው ሥራ አልቋልና። ነገር ግን በምን ውኃ እንደተዘፈዘፈ ስለማይታወቅ አጥባችሁ 10 ደቂቃ ቀቅሉት፣ በንጹሕ ውኃ አሳድሩት፣ ጠዋት ቅመሱት። በጨው የተዘጋጀ ከሆነ ውኃውን ሁለት ጊዜ ጨምራችሁ ቀይሩ።

ምሬቱን ማውጣት

በተለመደው አሠራር ግብጦው መጀመሪያ ይቆላል፣ ከዚያ በጆንያ ሆኖ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል። መቁላቱ ልጣጩን ያላላል፤ አልካሎይዱን ግን አይነካውም፣ ሙቀት አይበግረውምና። የሚያወጣው ውኃ ብቻ ነው። ለዱቄት ሲሆን መቀቀል ይሻላል፦ የተቆላ ፍሬ ይጠነክራል፣ ውኃ ቀስ ብሎ ይገባዋል፣ ዱቄቱም ይጠቁራል።

ጆንያውን ወስዶ ጣና ዳር ወይም ዓባይ ውስጥ መንከር ቀላል ይመስላል፤ አታድርጉት። የሐይቁ ዳር ውኃ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ከከተማው የሚወርድ ፍሳሽም ይገባበታል፣ ከግብጦው የሚወጣው መራራ ነገር ደግሞ ለዓሣው አይበጅም። የቧንቧ ውኃ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን፦ 1 ኪሎ ግራሙን አጥባችሁ በ4 ሊትር ውኃ 24 ሰዓት ዘፍዝፉ። ፍሬው ያብጣል፤ ክብደቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ውኃውን ድፉና በአዲስ ውኃ ቀቅሉ። እዚህ ላይ የከፍታው ነገር ይመጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በሌላ አገር አንድ ሰዓት የሚባለው መቀቀል እዚህ ከ75 እስከ 90 ደቂቃ ይፈጃል። ፕሬዠር ድስት ካለ ድምፅ ካሰማበት ጊዜ ጀምሮ 25 ደቂቃ ይበቃል፤ ከግማሽ በላይ ግን አትሙሉት፣ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል። የመቀቀሉ ዓላማ ማብሰል ብቻ አይደለም። ፍሬው በሕይወት እስካለ ድረስ አልካሎይዱን በውስጡ ይዞ ይቆያል፤ ሙቀቱ ያን ሕይወት ሲገድለው ነው ውኃው እንደ ልብ ገብቶ የሚወጣው። ሳይቀቀል የተዘፈዘፈ ግብጦ ሳምንት ቆይቶም የሚመርረው በዚህ ምክንያት ነው።

የተቀቀለበትን ውኃ ድፉና ፍሬው ሲቀዘቅዝ ልጣጩን አውጡ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን ስትሉት ፍሬው ከልጣጩ ፈልቆ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜም ለሁለት ይከፈላል። አንድ ኪሎውን ለመላጥ ሁለት ሰው አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጥበታል። አሰልቺ ነው፤ ይሁንና የተላጠና የተከፈለ ፍሬ ካልተላጠው በጣም ፈጥኖ ይጥማል፣ ዱቄቱም ይልማል። ይህን ደረጃ መዝለል አንመክርም።

ከዚህ በኋላ ውኃ መቀየር ነው፦ በ5 ሊትር፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ያህል። የውኃ መቆራረጥ ያለበት ሰፈር አስቀድሞ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሙላ፤ 75 ሊትር ይፈጃል። «በቀን ሦስት ጊዜ ከመቀየር አንዴ በ15 ሊትር ብዘፈዝፈውስ?» የሚል ይኖራል። አያዋጣም። ያበጠው ፍሬ በውስጡ 1.4 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ውስጡና ውጪው እኩል እስኪሆን ቢጠበቅ፣ በ15 ሊትር አንድ ጊዜ ተዘፍዝፎ ከመራራው ነገር ከመቶ 8 ወይም 9 እጅ ይቀራል፤ በ5 ሊትር ሦስት ጊዜ ሲቀየር ግን የሚቀረው ከመቶ 1 እጅ ገደማ ነው። ውኃው ያው 15 ሊትር ነው። ለዚያም ነው በየጊዜው እስከ ጠብታው ማንጠፍጠፍ የሚያስፈልገው፤ በባልዲው ግርጌ የሚቀር ግማሽ ሊትር አሮጌ ውኃ አዲሱን ያበላሸዋል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት የተቀቀለ ግብጦ በአንድ ሌሊት መኮምጠጥ ይጀምራል። አረፋ ካወጣና ከሸተተ፣ በእጅ ሲይዙት ካሟለጨ ተበላሽቷል፤ ይጣል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ጠዋት ጠዋት አዲሱን ውኃ ካደረጋችሁ በኋላ ድስቱን ጥዳችሁ 10 ደቂቃ አፍሉት። ተሐዋስያኑን ይገድላል፣ የሞቀ ውኃ ደግሞ መራራውን ቶሎ ይስባል። ፍሪጅ ያለው ማታ ማታ እዚያ ያሳድረው።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቅመሱ። ከባልዲው መሐል ሦስት ትልልቅ ፍሬ አውጥታችሁ አድቅቃችሁ አኝኩ፣ አትዋጡ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። የግብጦ ምሬት ዘግይቶ ከምላስ ሥር ነው የሚመጣው፤ አፍ ላይ እንደገባ «ጥሟል» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ምሬት የመለየት ችሎታ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ሌላ ሰውም ይቅመስ። ሁለታችሁም ምንም ካላገኛችሁበት በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ጨምሩበት፣ ማለትም ሦስት ቅያሪ። ሰባት ቀን ቢወስድም አይግረማችሁ፤ የቀኑ ቁጥር ምላሳችሁን አይተካም።

የሚደፋው ውኃ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውኃ፣ ዶሮና በግ ከሚጠጡበት ቦታ ይራቅ። ባልዲውም ክዳን ኖሮት ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ። በደንብ ያልጠለለ ግብጦ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋና እይታው ይደበዝዛል፣ ራሱ ይዞራል፣ ልቡ ይመታል፣ ሽንትም እምቢ ሊለው ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ እንጂ ቤት ውስጥ ወተት እያጠጡ መጠበቅ አይገባም።

የማጥለያው ባልዲ

በወንፊት እየገለበጡ በቀን ሦስት ጊዜ ማጥለል ስለሚያታክት አንድ ከሰዓት በኋላ መድቦ ይህን መሥራት ያዋጣል። እኩል የሆኑ ሁለት ባለ 20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲዎች፣ የምግብ ዘይት ወይም ማር የነበረባቸው እንጂ የቀለም ያልሆኑ፣ ይፈለጋሉ። የአንዱን ግርጌና ከግርጌው እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ጎኑን በ4 ሚሊ ሜትር ድሪል በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ብሱት። ድሪል ከሌለ በፍም የጋለ ሚስማር በፒንሳ ይዞ መብሳት ይቻላል፤ ጭሱን አትማጉ። ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ የተከፈለው ፍሬ እየተወተፈ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ያልተበሳው ባልዲ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሳሕን ገልብጡና የተበሳውን በላዩ አስቀምጡ። መራራው ውኃ ከበድ ብሎ ወደ ታች ስለሚሰምጥ ያ ክፍተት ፍሬው በራሱ እጣቢ ውስጥ እንዳይቀመጥ ይጠብቀዋል። ለመቀየር የውስጡን ባልዲ ብድግ፣ ሁለት ደቂቃ ማንጠፍጠፍ፣ የውጪውን መድፋት፣ ማለቅለቅ፣ መመለስ ነው።

የማድረቂያው ሣጥን

እርጥብ ግብጦ አስፋልት ዳር በተነጠፈ ሸራ ላይ ቢሰጣ ይደርቃል፣ ነገር ግን አቧራውና ዝንቡ አብሮ ይገባል። ቀስ ብሎ ከደረቀም ይኮመጥጣል። የሚከተለው ሣጥን በጠራ ፀሐይ ውስጡ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቃሪያ፣ ቲማቲምና በሶብላም ያደርቃል።

ዕቃው፦ 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ 60 በ100 ሳንቲ ሜትር ላሜራ፣ ለክዳኑ የሚሆን 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ወይም ወፈር ያለ ነጭ ላስቲክ፣ የመስኮት የትንኝ ወንፊት፣ 2 በ3 ሳንቲ ሜትር ቀጫጭን እንጨት፣ ማጠፊያ፣ ብሎን፣ ኮላ፣ ጥቁር ቀለም፣ ጭድ።

ሣጥኑ በውስጥ 100 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል። የፊቱ ቁመት 20፣ የኋላው 36 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እንዲህ ሲሆን ክዳኑ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ለባሕር ዳር ፀሐይ ተስማሚ ነው፣ የዝናብ ውኃም አይቆምበትም። ወለሉ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ጭድ ጠቅጥቁና በላዩ ጥቁር የተቀባውን ላሜራ አስቀምጡ። ጭዱ ከሌለ ሙቀቱ በወለሉ በኩል ያመልጣል። ከላሜራው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረው ወንፊት ይገባል። ምግቡ ላሜራውን መንካት የለበትም። ወንፊቱን ለማስገባት የኋላው ግድግዳ በማጠፊያ የሚከፈት በር ይሁን።

ሥራውን የሚወስነው የአየሩ መንገድ ነው። በፊቱ ግድግዳ ከታች፣ ከላሜራው በላይ፣ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 6 ቀዳዳዎች፤ በኋላው ከላይ፣ ክዳኑ ሥር፣ 8 ቀዳዳዎች ብሱ፤ ሁሉንም በወንፊት ሸፍኑ። መውጫው ከመግቢያው የሚበዛው እርጥብ አየር ታፍኖ እንዳይቀር ነው። መስታወቱ በውስጥ በኩል ካላበው መውጫው አንሷል ማለት ነውና ሁለት ቀዳዳ ጨምሩ።

አቀማመጡ ለከተማው ሰው ቀላል ነው። ጣና በሰሜን ስለሆነ የሣጥኑ ጀርባ ለሐይቁ፣ ፊቱ ለደቡብ ይሁን፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይዋ በዚያ በኩል ናት። ግን አንድ እክል አለ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በቀጥታ የኋላውን ቀዳዳዎች እየመታ አየሩን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ክዳኑን ከኋላ 10 ሳንቲ ሜትር አሳልፋችሁ ጫፉ ላይ ወደ ታች የሚንጠለጠል ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ብታደርጉ ነፋሱ ያልፋል፣ እርጥበቱም በሥር ይወጣል። የቀለሙ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ሣጥኑን ባዶውን ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ አስመቱት፤ አለዚያ ግብጦው ቀለም ቀለም ይላል።

የጠለለውን ግብጦ በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁ በሥጋ መፍጫ አንድ ጊዜ አሳልፉት ወይም በሙቀጫ ከፋፍሉትና አሳስታችሁ አስጡት። እንዲህ ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት የገባ ማታ 11 ሰዓት ላይ ሊደርቅ ይችላል፤ ሙሉው ፍሬ ግን ሁለት ቀን ይፈልጋል። መድረሱን የሚነግራችሁ ሚዛን ነው፦ በሁለት ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ መዝናችሁ ለውጥ ከሌለ ደርቋል። በክረምት ሣጥኑ አያገለግልም። ያኔ እንጀራ ከተጋገረ በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አጥፍታችሁ በቀረው ሙቀት ላይ በትንሽ በትንሹ እያማሰላችሁ አድርቁት።

መፍጨት

ወፍጮ ቤት ለአንድ ኪሎ አይሆንም፤ ከእናንተ በፊት የተፈጨው በቆሎና ጤፍ ድንጋዩ ውስጥ ቀርቶ ከዱቄታችሁ ጋር ይወጣል፣ የደከማችሁበትንም ያፈርሰዋል። የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ይበቃል። 50 ግራም ብቻ ጨምሩ፣ 15 ሰከንድ ፈጭታችሁ አሳርፉ፣ ደግማችሁ ፍጩ። ቅባት ስላለው ከጋለ ይጣበቃል። በጤፍ ወንፊት ንፉ፣ የቀረውን መልሳችሁ ፍጩ። ቡና ቡና እንዳይሸት አስቀድማችሁ አንድ እፍኝ ደረቅ ግብጦ ፈጭታችሁ ጣሉ። ዱቄቱ አየር በማያስገባ ዕቃ በቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ወር ይቆያል።

ዳቦው

20 በ10፣ ቁመቱ 7 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ዳቦ መጋገሪያ፦

150 ግራም የግብጦ ዱቄት
60 ግራም ተልባ፣ ለብ ተደርጎ የተቆላና የተፈጨ
200 ግራም እንቁላል፣ ያለ ቅርፊት
100 ግራም ዓይብ፣ የተጠለለ
50 ግራም ለጋ ቅቤ
120 ግራም ለብ ያለ ውኃ
7 ግራም ቤኪንግ ፓውደር
5 ግራም ጨው
15 ግራም የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ
1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ

ሁሉም በሚዛን ይሁን። እንቁላሉ በቁጥር ያልተጻፈው በምክንያት ነው፤ የፈረንጅ ከሆነ 4፣ የሐበሻ ከሆነ 5 ወይም 6 ሊሆን ይችላል። በቁጥር የሄደ ሰው ዳቦው ተፈርፍሮበት ዱቄቱን ያማል።

ግብጦ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር የለውም። እዚህ ዳቦውን አቅፈው የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እንቁላሉና ተልባው ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ዝልግልግ። ተልባው ከልክ በላይ ከተቆላ ያ ዝልግልግ ይደክማል፤ መፈንዳት ሲጀምር ወዲያው አውርዱት። ቤኪንግ ፓውደሩም በሌላ አገር አሠራር 10 ግራም የሚባለው ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ጋዙ አብዝቶ ይነፋል፣ ከ7 ግራም ካለፈ ዳቦው ቶሎ ተነሥቶ መሐሉ ይሰምጣል።

እንቁላሉንና ጨውን ሦስት ደቂቃ ምቱ። ዓይቡን በሹካ ፍርፋሪው እስኪጠፋ አሽታችሁ ከቀለጠው ቅቤና ከውኃው ጋር ጨምሩ። የግብጦውን ዱቄት፣ ተልባውንና ጥቁር አዝሙዱን አክላችሁ አማስሉና 10 ደቂቃ ተዉት። መጀመሪያ ቀጭን መስሎ «ዱቄት ልጨምር» ያሰኛል፤ አትጨምሩ፣ ሲያርፍ ይወፍራል። ከዕረፍቱ በኋላ በማንኪያ ሲነሣ እየጎተተ ቀስ ብሎ የሚወድቅ መሆን አለበት። ከማንኪያው የማይወድቅ ከሆነ ውኃ በሾርባ ማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደሩን በመጨረሻ በወንፊት ነስንሳችሁ ከሎሚው ጋር ቶሎ አዋሕዱና ወዲያው ወደ መጋገሪያው አስገቡ። ሎሚው የግብጦውን የባቄላ ዓይነት ሽታ ያለዝበዋል።

ለመጋገሪያው ኮባ ቅጠል የኬክ ወረቀትን ያስንቃል። በእሳት ላይ አሳልፋችሁ ሲለሰልስ በዘይት አብሱና አንጥፉት፤ አይጣበቅም፣ መዓዛውም ሌላ ነው።

በ175 ዲግሪ 60 ደቂቃ ጋግሩ። 40ኛው ደቂቃ ላይ ፊቱ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት። የምግብ ቴርሞ ሜትር ያላችሁ መሐሉ 91 ወይም 92 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ። የውጭ መመሪያዎች 96 ወይም 98 ይላሉ፤ እዚህ ውኃው ራሱ በ94 ስለሚፈላ ያን ቁጥር የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ድርቆሽ ነው። የምድጃውን ልክ የምትጠራጠሩ ከሆነ አንድ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አስገቡ፦ በ175 ላይ 15 ደቂቃ ቆይቶ መቅለጥ የለበትም፣ በ190 ላይ መቅለጥ አለበት።

ከወጣ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከመጋገሪያው አውጥታችሁ አየር በሚያገኝበት ሰፌድ ላይ አስቀምጡ፤ ለሁለት ሰዓት ቢላ አይነካው። የተልባው ዝልግልግ የሚረጋው ሲበርድ ነው። ትኩሱን የቆረጠ ሰው ያልበሰለ መስሎት መልሶ ያስገባዋል።

ለ12 ቁራጭ ሲከፈል አንዱ 50 ግራም ያህል ይመዝናል። ከፋይበር ውጪ ያለው ካርቦሃይድሬት በጥሬው ግብጦ ቁጥር ሲሰላ በቁራጭ 3 ግራም ገደማ ነው፤ በውኃ የወጣው ስላልተቀነሰ ይህ ከፍተኛው ግምት ነው። በ210 ግራም የስንዴ ዱቄት የተሠራ ዳቦ በዚያው ልክ ቢቆረጥ ወደ 13 ግራም ይሆናል። ዓይብና እንቁላል ስላለበት በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ከዚያ በላይ ከተፈለገ ተቆራርጦ ፍሪዘር ይግባ።

መብራት ሲጠፋ

ድፎ የሚጋግር ቤት ይህን ያውቀዋል፦ ከታችም ከላይም እሳት። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ድስት ግርጌ 2 ሳንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ፣ በላዩ ሦስት ትንንሽ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ ዳቦው። በላሜራ ክደኑትና ፍሙን አካፍሉ፤ ሁለት እጁ ከላይ፣ አንድ እጁ ከታች። አብዛኛው ሰው ከታች ያበዛና ግርጌው አርሮ ፊቱ ነጭ ይቀራል። ድስቱን ባዶውን 15 ደቂቃ አግሉት፣ በ30ኛው ደቂቃ የላዩን ፍም አድሱ፣ በየ20 ደቂቃው ክዳኑን ሩብ ዙር አዙሩ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል፤ ደጅ ላይ ይሁን።

ምን ሊበላሽ ይችላል

ግርጌው ላይ እርጥብና ሙጫ የመሰለ ድርብ ካለ ተልባው በደንብ አልተፈጨም ወይም ዳቦው በመጋገሪያው ውስጥ ብዙ ቆይቶ በራሱ እንፋሎት ርሷል። ከቅርፊቱ ሥር ባዶ ከሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ በዝቷል። ሲቆረጥ የሚፈራርስ ከሆነ እንቁላሉ አንሷል ወይም ዱቄቱ ሻክሯል፤ በጣት ሲታሽ አሸዋ አሸዋ የሚል ዱቄት ውኃ አይጠጣም።

ዳቦው ከመረረ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ሁለቱን ማደባለቅ ደግሞ አደገኛ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በሙቅ ውኃ በጥብጣችሁ ለብቻው ቅመሱ። እሱ ካልመረረ ጥፋቱ የቤኪንግ ፓውደሩ ነው። ዱቄቱ ራሱ ከመረረ ግን ዳቦውም ዱቄቱም ይጣል፤ ማርና ቅመም ጨምሮ መሸፈን መርዙን አያወጣም።

ከተልባው ከፊሉን በሱፍ አበባ ፍሬ የተካ ሰው ዳቦው አረንጓዴ ቢሆንበት አይደንግጥ። በፍሬው ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ ሶዳ ሲነካው የሚያመጣው ቀለም ነው፣ አይጎዳም። ሎሚውን በእጥፍ ማድረግ ያስቀረዋል።

በጾም

ያለ እንቁላልና ያለ ዓይብ ይህን ዳቦ ማስነሣት አይቻልም። በተልባ ብቻ የሚሞክሩ አሉ፤ የሚወጣው እንደ ጡብ የከበደ ነገር ነው። በጾም ቀን ዱቄቱን ለስስ ብስኩት ማዋል ይሻላል። 100 ግራም የግብጦ ዱቄት፣ 60 ግራም የተፈጨ ተልባ፣ 40 ግራም ሰሊጥ፣ 4 ግራም ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ ቀላቅሉ፤ 30 ግራም ዘይትና 140 ግራም የፈላ ውኃ አፍስሳችሁ አማስሉ። ሩብ ሰዓት ካረፈ በኋላ በሁለት ላስቲክ መሐል 3 ሚሊ ሜትር እስኪሆን በመዳመጫ ዳምጡት። ጠርዙ ከመሐሉ ከሳሳ ያ ክፍል ቀድሞ ያራል፤ ለእኩልነቱ በሁለት ጎን 3 ሚሊ ሜትር እንጨት አስቀምጦ መዳመጫውን በላዩ ማንከባለል ይረዳል። ላስቲኩን ልጣችሁ ወደ መጋገሪያው ትሪ አዙሩና ሳይጋገር በቢላ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡት። በ150 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋገራል፣ በመሐሉ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ከበረደ በኋላ መሐሉ የሚታጠፍ ከሆነ አልደረቀም፤ መልሶ ከመጋገር ይልቅ ማድረቂያው ሣጥን ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ማቆየት ሳያሳርር ያደርቀዋል። በተከደነ ጣሳ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ በክረምት የባሕር ዳር እርጥበት ግን ጣሳው በተከፈተ ቁጥር ይለሰልሳልና በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ነው።